የወንድሜን የውንብድና ክስ እንዴት እንዳስለወጥነው

ይህን የምጽፈው ወንድሙ ወይም ልጁ ድንገት «ከወንበዴ ጋር ተባብሯል» ተብሎ ለሚያዝበት ሰው ነው። እኛን ቀድሞ ያስጠነቀቀን አልነበረም።

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ባጃጅ ይነዳል። በገበያ ቀን አመሻሽ ላይ አራት ልጆች ኮንትራት ያዙት። መንገድ ላይ «ትንሽ ጠብቀን» ብለው ወረዱ። በግ ሸጦ ወደ መንዝ የሚመለስ ነጋዴ በጩቤ አስፈራርተው ብሩን ቀሙት። ሮጠው ሲገቡ «ንዳ!» አሉት፣ ነዳ። የተቀበለው የኮንትራቱን ሂሳብ ብቻ ነው። በማግስቱ አብሯቸው ታሰረ።

በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረቡ፣ ጊዜ ቀጠሮው (ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ተጨማሪ ቀን)፣ ስንቅ ማመላለሱ፣ ይሄ ሁሉ ያልፋል። የጎዳን ቃል አሰጣጡ ነው።

መርማሪው በር ላይ «እህቴ፣ እውነቱን ይናገርና ይፈርም፣ ቶሎ ይወጣል» አለኝ። ወንድሜም የሆነውን ተናገረ። «ሲገቡ ብሩን ሳይ ነገሩ ገባኝ፣ ፈርቼ ነዳሁ» ነው ያለው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «ድርጊቱን እያወቅሁ ከግብረ አበሮቼ ጋር ሆኜ ጠብቄ አሸሸኋቸው» የሚል ነው። አልተነበበለትም። በድካምና በብርድ ላይ ያለ የሃያ ዓመት ልጅ ፈርም ሲሉት ፈረመ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስጠይቀው መርማሪው «ያው ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። ልዩነቱ የወንድሜ ዕድሜ ነበር!

ጠበቃው ነገሩን ያስረዳን ከዚያ በኋላ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቡድን ወይም በመሣሪያ የሚፈጸም ውንብድና አንቀጽ 671 ነው፤ ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት። ጩቤውን ያልያዘም ቢሆን በሐሳቡና በውጤቱ ሙሉ በሙሉ ከተስማማ በአንቀጽ 32 እንደ ዋና አድራጊ ይቆጠራል። እያወቀ መረጃ፣ ምክር ወይም መሣሪያ የሰጠ ደግሞ በአንቀጽ 37 አባሪ ነው። ፍርድ ቤቱ ሊያቀልለት ቢችልም ቅጣቱ ከዚያው ወንጀል ይነሳል። ወንጀሉ ካለቀ በኋላ የረዳ ሰው ግን በአንቀጽ 40 በኩል ወደ 445 (ወንጀለኛን መሸሸግና መርዳት) ይሄዳል፣ የዚያ ቅጣት ከ671 ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ይቀላል። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ መቼ አወቀ የሚለው ነው። ከመውረዳቸው በፊት? ወይስ ብሩን ይዘው ከገቡ በኋላ?

ዐቃቤ ሕግ በ32 እና በ671 ከሰሰው። ከተፈረመው ቃል ጋር የስልክ ጥሪ ዝርዝር አያያዘ፤ ከልጆቹ አንዱ ከዚያ በፊት ደውሎለት ነበርና ተመካክረዋል አለ። እኛ ደግሞ የዝርዝሩን ሌላ ገጽ አሳየን። ግማሹ ከተማ ነው የሚደውልለት፣ ባለባጃጅ ነው! የሰፈሩ ባለሱቅና ሌሎች ሾፌሮች መሰከሩ። ከልጆቹ አንዱም ለፍርድ ቤቱ ድርሻ አልተሰጠውም አለ። እኔ እስከዛሬ ያዳነው ያ የተቀበለው የኮንትራት ሂሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘራፊ የሥራ ባልደረባውን የኮንትራት ዋጋ ከፍሎ አይሸኝም።

ዳኞቹ አንቀጹን ወደ 445 ለውጠው ጥፋተኛ አሉት። የታሰረበት ጊዜ ታስቦለት ወጣ። ነጋዴው ብሩ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰለትም፣ ለእሱም አዝናለሁ።

ስለዚህ «ተባበርና ትለቀቃለህ» የሚላችሁን አትስሙ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ይሰጣል፣ አንቀጽ 21 ጠበቃ እንዲጎበኘው ይፈቅዳል። ጠበቃ ሳያገኝ ቃል አይስጥ። ከሰጠም ቃል በቃል ይነበብለት፣ ያላለው ነገር ካለ አይፈርም። መርማሪው ይቆጣል፣ ይቆጣ። እናንተ ደግሞ በዚያው ቀን ማን ደወለ፣ ማን ምን አለ፣ ስንት ተከፈለ የሚለውን ሁሉ በሰዓቱ ጻፉ። ወር ካለፈ በኋላ ምስክር ይረሳል።

ባጃጇ በኤግዚቢትነት ተይዛ ነበር። ጠበቃው በውሳኔው ላይ እንድትመለስ ትእዛዝ እንዲሰጥ ስለጠየቀ ሰነዱን ይዘን ሄደን አስለቀቅናት። እናንተም ይህን ከውሳኔው በፊት አስታውሱት፣ ካለዚያ ለብቻው ሌላ ማመልከቻ ነው።