የ60 በመቶው ነገር

ጅማ ውስጥ ከምሠራበት የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ክፍል የሚወጣው ሪፖርት ሙሉ ገጽ ነው፤ የብዙዎች ዐይን የሚያርፈው ግን ኢጄክሽን ፍራክሽን በሚለው ቁጥር፣ ማለትም ልብ ሲጨመቅ ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚያስወጣ በሚያሳየው በመቶኛ ላይ ብቻ ነው። ከሊሙ የመጣች፣ ትራስ ካልደራረበች መተኛት ያቃታት ወጣት ተልካልኝ ስመረምራት፣ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያበላሸው ሚትራል ቫልቯ (በልብ ግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር) ክፉኛ ደም ወደ ኋላ ይመልስ ነበር። ይህንኑ ጻፍኩ፤ ኢጄክሽን ፍራክሽኑንም 60 በመቶ ብዬ ሞላሁ።

የላኳት ሐኪም ሁልጊዜ ስለሚቸኩሉ፣ በር ላይ እንደ ቆሙ ወረቀቱን አየት አድርገው «60 ነው፤ ልቧ በደንብ ይረጫል» አሉና ወደ ሳንባ ምርመራ ሊልኳት ተነሡ።

አብሯት የመጣው አጎቷ የቡና ነጋዴ ነው። «ልጄ፣ 60 ከመቶ የሚባለው ከምኑ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሀጂ፣ የልቧ የግራው የታችኛው ክፍል ሲሞላ 160 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሲጨመቅ 64 ይቀራል፤ 96ቱ ይወጣል። እሱ ነው 60 በመቶው። የጤነኛ ሰው ልብም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይራገፍም» አልኩት።

ጥቂት አሰበና «መውጣቱስ ወጣ፤ ደረሰ ወይ?» አለ። «96 ኩንታል ቡና ጭኜ ብልክና ከግማሽ በላዩ ከመንገድ ወደ መጋዘኔ ቢመለስ፣ ሸጥኩ ልበል?»

ስክሪኑን አዙሬ አሳየሁት። ልቧ በተጨመቀ ቁጥር ሰማያዊና ቢጫ የተደበላለቀ ፍሰት ወደ ላይኛው ክፍል እየተወረወረ የኋላ ግድግዳው ድረስ ይዘልቃል። የላይኛው ክፍል ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ደሙ ወደዚያ መመለስ አይከብደውም፤ በዚህም የተነሣ ቁጥሩ ከልቧ እውነተኛ ጉልበት ይልቅ አምሮ ይታያል። እንዲህ ባለ ከባድ መመለስ ቁጥሩ ወደ 60 መውረዱ የምሥራች ሳይሆን ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገሪያ ጊዜ ነው።

ሀጂም ያንኑ ጥያቄ ለሐኪሙ ደገመላቸው። ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉና ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ የሳንባው ትእዛዝ ተሰርዞ ስለ ቫልቯ ሪፈር ተጻፈላት። በማግስቱ ራውንድ ላይ የቡናውን ምሳሌ ራሳቸው እንዳፈለቁት አድርገው ለኢንተርኖች ሲያስረዱ ሰማኋቸው፤ ኩንታሉን ግን 100 አድርሰውታል።

እኔም ከዚያ ወዲህ የቫልቩን ሁኔታ ከሪፖርቱ አናት ላይ፣ ቁጥሩን ከመጨረሻው መስመር ላይ እጽፋለሁ። ሐኪማችን አሁን ሪፖርት የሚያነቡት ከታች ጀምረው ነው።