የጨረቃ ማሰሮ ስሠራ የተማርኩት

ኮሪያ ውስጥ ሸክላ ልማር ስል ልቤ ያረፈው የጨረቃ ማሰሮ ላይ ነው። እነሱ ዳልሀንጋሪ ይሉታል። ትልቅ፣ ነጭ፣ አንድም ሥዕል የሌለበት ማሰሮ ነው። ጆሰን የሚባሉት የኮሪያ ነገሥታት በገዙበት ዘመን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 18ኛው አጋማሽ፣ ከሴኡል ብዙም በማይርቀው ግዋንግጁ፣ በቤተ መንግሥቱ እቶኖች ይሠራ ነበር። ቁመቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ከፊት ሲያዩት ክብ ነው። ዞር ብለው ሲያዩት ግን አንዱ ትከሻው ዝቅ፣ ሌላው ጎኑ ወጣ ይላል።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ነጩ ጭቃ ልፍስፍስ ስለሆነ ይህን የሚያህል ሆድ በአንድ ጊዜ ላውጣ ቢሉት ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህኖች ይሠሩና አንዱ ሌላው ላይ ይደፋል።

እኔም ኢቾን ከተማ ባለ የሸክላ ቤት እንዲሁ አደረግሁ። የታችኛውን ወፈር አድርጌ ሠራሁ፤ የላይኛውን የሚሸከመው እሱ ነው። የአፋቸውን ስፋት በቀጭን እንጨት ለካሁ። ከሁሉም የሚያስጨንቀው እርጥበታቸው ነው። አንዱ ከሌላው ከደረቀ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ፣ ሲያነሱት ግን የማይጣመም መሆን አለበት። ከዚያ ሁለቱንም አፍ ጫር ጫር አድርጌ፣ በውኃ የቀጠነ ጭቃ ቀብቼ፣ ሌላ ሰው አግዞኝ አጋጠምናቸው። ከላይ አፍ ከፈትንለት። በላስቲክ ሸፍነን ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተውነው።

ቅርጹን የሚጨርሰው እሳቱ ነው። ወደ 1300 ዲግሪ ሲጠጋ ጭቃው ይለሰልሳል። የገዛ ክብደቱ ይጎትተዋል። ወገቡ ላይ መጋጠሚያው ብቅ ይላል፣ ሆዱ በአንድ በኩል ይረግባል። አንዳንድ ተማሪ ከመተኮሱ በፊት በእጁ ጫን እያደረገ ያጣምመዋል። አስተማሪያችን ይህን አይወዱም ነበር። «የእሳቱን ሥራ አንቺ አትሥሪለት» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሆን ተብሎ የተጣመመ ማሰሮ ወዲያው ያስታውቃል። የድሮዎቹ ባለሙያዎች እስከ መጨረሻው ድረስ ክብ ለማድረግ ነበር የሚጥሩት።

ይህ ከገባኝ በኋላ የኮሪያን የድሮ ቤቶችም በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ሶሳን አጠገብ ያለው ጌሲምሳ የሚባለው የቡድሃ ገዳም ምሰሶዎች ዛፉ እንደበቀለ ጠማማ ናቸው። ሲያዩት በዘፈቀደ የቆመ ይመስላል። ግን እዚያ አገር አናጢዎች ምሰሶ ያልተጠረበ ድንጋይ ላይ ሲያቆሙ ድንጋዩን አይነኩትም። የድንጋዩን ጉብታና ጎድጓዳ እንጨቱ እግር ላይ ያሰምሩና እንጨቱን በዚያው ልክ ይፈለፍላሉ። ሲቀመጥ ክፍተት የለውም። ቀጥ ያለ ምሰሶ ለጥ ባለ ድንጋይ ላይ ማቆም ከዚህ ይልቅ ስንት እጥፍ ይቀላል! ጠማማውን እንዳለ ለመተው ልኬቱ የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የባዶ ቦታ ነገር ደግሞ የገባኝ አንዶንግ ከተማ፣ ብዮንግሳን ሶዎን ነው። የድሮ የኮንፊሺየስ ትምህርት ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌሎች ስምንት መሰሎቹ ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ማንዴሩ የሚባለው ሰገነቱ ግድግዳ የለውም፣ በር የለውም። ጣሪያ፣ ወለልና ምሰሶ ብቻ። ከግቢው ሆነው ሲያዩ በሰባቱ የምሰሶ ክፍተቶች በኩል ናክዶንግ ወንዝና ማዶ ያለው ተራራ ይገባሉ። አንድ ዕቃ ቢያስቀምጡበት ያ ሁሉ ይበላሻል። ወለሉን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ሠሪው ያን ሁሉ እንጨት የደከመበት መሐሉን ክፍት አድርጎ ለማቆየት ነው።

አሁን ሌላ ማሰሮ ይዣለሁ። ድሮ ዓይኔ የውጭ ግድግዳው ላይ ነበር። አሁን የማስበው ውስጡ ስንት አየር ይያዝ የሚለውን ነው። ሆዱ እስከ የት እንደሚሰፋ ውስጥ ያለችው እጄ ትወስናለች፤ የውጪዋ ትከተላታለች።