ክብደት ሲጠፋ

እዚህ ደጀን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከፈረንሳይ ደውሎ «ጋሼ፣ በሃንግ ግላይደር መገለባበጥ ልጀምር ነው» ሲለኝ ከመደንገጤ በፊት እስክሪብቶ ነው ያነሳሁት።

ለማያውቀው፣ ሃንግ ግላይደር ሞተር የለውም። በአሉሚኒየም ቧንቧ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። አብራሪው ከሥሩ በሆዱ ተንጠልጥሎ ከፊቱ ያለውን ዘንግ ይይዛል። ወደ ግራ ለመታጠፍ ገላውን ወደ ግራ ያንሸራትታል፤ ለመፍጠን ዘንጉን ወደ ራሱ ይስባል። መሪው የገዛ ክብደቱ ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ዙር ለመገልበጥ መጀመሪያ ቁልቁል ተወርውሮ ፍጥነት ያጠራቅማል፤ ከዚያ ሽቅብ ይወጣል። ፍጥነቱ ካነሰው ከላይ፣ ተዘቅዝቆ ሳለ፣ ማንጠልጠያው ይላላል። ክብደት የለም፤ እንግዲህ መሪም የለም። አንዳንዴ ሰውየው በራሱ ክንፍ ላይ ይወድቃል። ክንፉ በአፍንጫው፣ ማለትም በፊት ጫፉ፣ ይንከባለላል፣ ቧንቧው ይሰበራል። የመጠባበቂያ ፓራሹት አለ፤ ግን ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል፣ ያውም ከሚሽከረከር ስብርባሪ መሀል ተወርውሮ።

አምራቾቹም ዝም አላሉም። ብዙዎቹ አፍንጫው ሽቅብም ቁልቁልም ከ30 ዲግሪ፣ በጎን ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳያዘነብል ያስጠነቅቃሉ። ወንድሜ ይህን አያጣውም። «የሚሠሩት አሉ እኮ!» አለኝ። አሉ። ግን ቪዲዮው የሚለጠፈው የተሳካለት ሰው ነው።

የጀርመናዊውን የበረራ ፈር ቀዳጅ የኦቶ ሊሊየንታልን ታሪክ አነሳሁበት። እሱም በገላው ክብደት ነበር የሚመራው፣ ለዓመታት የበረረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ነሐሴ ላይ ክንፉ አየር ላይ የመሸከም አቅሙን አጣበትና ከ15 ሜትር ገደማ ወደቀ፤ በማግስቱ ሞተ። ትርኢት እያሳየ እንኳ አልነበረም።

ወንድሜ ነገሩ ያማረው ልጅ ሆኖ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቁራ ሲያይ ይመስለኛል። አሁንም ከሰዓት ላይ ይመጣሉ። አንዱ ነፋሱን ተደግፎ ይቆያል፤ ድንገት ክንፉን ሰብስቦ በጀርባው ይገለበጣል፣ ወዲያው ይቃናል። ቁራ ግን ክንፉን ያጥፋል። የወንድሜ ክንፍ አሥር ሜትር ገደማ ተወጥሮ የቀረ ነው፤ ምኑን ያጥፈዋል?

ይባስ ብሎ «ለፋሲካ ይዤው ልምጣ፣ ከደጀን አፋፍ ልነሳ» አለ። እዚህ ከፍታው ከ2,400 ሜትር አያንስም። አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ሲነሳም ሲያርፍም በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት፤ እቀትር ላይ ደግሞ ከገደሉ የሚወጣው ትኩስ አየር ያላትማል። ማረፊያውስ? ቁልቁለትና ድንጋይ! በቀጥታ መብረሩን እንኳ ብዙ አስብበታለሁ። መገለባበጡ ይቅርብን፣ በግልጽ ነግሬዋለሁ። ተኮራረፍን።

እማዬ ወሬውን ከሰማች ወዲህ ፊዚክስ አላስፈለጋትም። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «ልጄ፣ ዘንድሮ ባዶ እጅህን ና» ትለዋለች።