ከድሬና ከሐረር ለትራውት የትኛው ወንዝ? የበጋ መግቢያ ምርጫ

በጋው ሲገባ፣ በተለይ ኅዳር ላይ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ተነስቶ ባሌ ላይ ትራውት ለማጥመድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ትልቅ ዓሣ ያለው የቱ ወንዝ ነው?" ብሎ ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ ቢቀድም እመርጣለሁ፦ ቶሎ የሚጠራው የቱ ነው? በዚህ ወቅት ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ባዶ እጅ የሚመልሰው የውኃው መደፍረስ ነውና። ዓሣውማ አለ።

በአካባቢያችን ትራውት የሚኖርበት ውኃ የለም። ደቻቱ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ የሚሞላ የአሸዋ ወንዝ ነው፤ ኤረርም፣ ሐረማያና አዴሌም ለትራውት ይሞቃሉ። ትራውት ራሱ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ቡናማውም ቀስተ ደመና የሚባለውም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥተው ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቁ፣ በዚያው ተባዙ። በካርታ ካየነው ባሌ ከሐረር ማዶ ነው፤ በመካከል የዋቢ ሸበሌ ሸለቆ ስላለ ግን ዋናው መንገድ በአዳማ ዞሮ ይሄዳል።

ስለ ውኃው ሙቀት ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ምርጫው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ትራውት በደንብ የሚበላው ውኃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ከ7 በታች ሲወርድ ይደነዝዛል፣ ምግብ አጠገቡ ቢያልፍ እንኳ አይንቀሳቀስም። የላይኛው ገደብ 20 ዲግሪ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ይህ ግን ለዝቅተኛ ቦታ የሚሠራ ቁጥር ነው። የባሌዋ ዲንሾ ከተማ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከ70 በመቶ በታች ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ጠለል በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ዲንሾ ላይ ግን ከ6 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ እዚያ ከ18 ዲግሪ በላይ ካነበባችሁ ዘንጉን አስቀምጡ፤ የለቀቃችሁት ዓሣ ደህና መስሎ ሄዶ በኋላ ይሞታል። ቴርሞሜትሩን በጥላ በኩል፣ በሚፈስ ውኃ ውስጥ፣ አንድ ክንድ ያህል አጥልቃችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። ፀሐይ ያገኘው የዳር ውኃ ሁልጊዜ ያታልላል።

ወደ ወንዞቹ ስንመጣ፣ ለኅዳር የመጀመሪያ ምርጫዬ ዳንካ ነው። ዲንሾ አጠገብ የሚያልፍ ትንሽ ወንዝ ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ በእግር ይሻገሩታል። ትንሽ መሆኑ ጥቅሙ ነው፤ ውኃ የሚሰበስብበት መሬት ጠባብ ስለሆነ የጥቅምት ማብቂያ ዝናብ ቢያደፈርሰው እንኳ ዝናቡ ካቆመ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ይጠራል። ችግሩ ዓሣው ድንጉጥ መሆኑ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ዳሩ የሚቀርብ ሰው ዘንጉን ከማንሳቱ በፊት ሁሉም ድንጋይ ሥር ገብተው ያልቃሉ። ጎንበስ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፤ ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው ትሆናላችሁ። ከ8 ሜትር በላይ መወርወር እዚህ አያስፈልግም።

ዌብ ትልቁ ነው፣ ስሙም የገነነው እሱ ነው። ከላይ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ተንጣሎ ይመጣና ወላ የተባለው ወንዝ በሚቀላቀለው አካባቢ ፊንጫ አበራ ፏፏቴ አለ። ጥልቅ ገንዳ፣ ሰፊ ወራጅ፣ ለረጅም ውርወራ የሚመች ገላጣ ዳር ሁሉ እዚያ ነው። ሆኖም ብዙ ገባሮች ስላሉትና ከብቶች በየመሻገሪያው ዳሩን ስለሚንዱት ከዝናብ በኋላ ለመጥራት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ለዌብ ታኅሣሥንና ጥርን ብትጠብቁ ይሻላል። ኅዳር ላይ የግድ ዌብ ካላችሁ ቢያንስ ሦስት ደረቅ ቀናት ማለፋቸውን ዲንሾ ላለ ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈውም ይኸው ወንዝ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ግን ቆላ ወርዶ ስለሚሞቅ ትራውት አትፈልጉበት።

ሻያና ጠጎና በሮቤና በጎባ በኩል ናቸው። ታችኛው ክፍላቸው በእርሻና በከተማ አጠገብ ያልፋል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ውኃ ይጠለፍበታል። እነዚህን የምመርጠው ማደሪያችሁ ሮቤ ወይም ጎባ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ወደ ተራራው ከፍ በሉ።

ወንዙ ዳር ስትደርሱ ዘንግ ሳትገጥሙ ውኃውን ፈትኑ። ነጭ የስኒ ማስቀመጫ በገመድ አስራችሁ ቀስ ብላችሁ አስምጡት። 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ከታየ በማንኛውም ዝንብ (በክርና በላባ ነፍሳት አስመስለው በሚሠሩት መንጠቆ) መሥራት ይቻላል። ከ25 እስከ 50 ባለው ውስጥ ከጠፋ ትልቅና ጥቁር ዝንብ ዳሩን አስጠግታችሁ ሞክሩ። ከ25 በታች ከሆነ ሌላ ወንዝ ሂዱ፣ ጊዜ አታባክኑ። እንዲሁም ውኃው ዳር ላይ አንድ እንጨት ትከሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውኃው በእንጨቱ ላይ ጣት ያህል ከወጣ ላይ ተራራው ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ እናንተ ዘንድ ፀሐይ ቢሆንም ወዲያው ወጥታችሁ መኪናችሁ ወዳለበት ዳር ተሻገሩ። የደቻቱን ጎርፍ ለሚያውቅ የድሬ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሰዓቱም ይታሰብበት። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ውኃው ጠዋት ከ7 ዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል። ማለዳ ተነስቶ መንቀጥቀጥ ምንም አይጨምርም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ አጠር አድርጎ መወርወር ነው።

ዓሣው የት እንደቆመ የሚነግራችሁ አረፋ ነው። ከትልቅ ድንጋይ ግራና ቀኝ ፈጣን ውኃ ይወርዳል፣ ከድንጋዩ ኋላ ዘገምተኛ ውኃ አለ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ አረፋ ቀጭን መስመር ሠርቶ ይሄዳል። አረፋው የሚሄድበት ነፍሳቱም የሚሄዱበት ነው። ትራውቱ ጉልበት ላለማባከን ዘገምተኛው ውስጥ ቆሞ ከፈጣኑ ላይ ይለቅማል። ዝንባችሁን ከመስመሩ በላይ አንድ ሜትር ያህል ጣሉና ከአረፋው እኩል እንዲሄድ ተዉት። ከአረፋው ቀድሞ ወይም ወደ ጎን እየተጎተተ ከሄደ ዓሣው አይነካውም። ይህ የሚሆነው ውኃው ላይ ያረፈውን ክር ፈጣኑ ወራጅ ቀድሞ ስለሚወስደው ነው፤ ክሩ እንዳረፈ በዘንጉ ጫፍ አንስታችሁ ወደ ላይኛው ወራጅ መልሱት።

የትኛውን ዝንብ? አንድ ድንጋይ ከውኃው አንስታችሁ ገልብጡ። ሁለት ወይም ሦስት ጅራት ያላቸው ፈጣን ትናንሽ እጮች ካሉ 14 ወይም 16 ቁጥር መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፣ የጠጠር ቤት ሠርተው ወይም ድር አድርተው የተቀመጡ ወፍራሞች ካሉ 12 ወይም 14 ቁጥር። እንደ ጥቁር ነጥብ ተለጥፈው የተደረደሩት የጥቃቅን ዝንቦች እጮች ናቸው፤ ለእነሱ 18 ቁጥር ያስፈልጋል።

ዝንቡን እዚሁ መሥራት ይቻላል፣ እንዲያውም ይህን ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ሐረር መኪና ግርግር ካሉ ልብስ ሰፊዎች ቡናማ የኦቨርሎክ ክር ግዙ፤ ተራው የስፌት ክር ለ12 ቁጥር ይሆናል እንጂ ለ16 ይወፍራል። ከተቃጠለ ትንሽ ሞተር የመዳብ ሽቦ፣ ከቀይ አውራ ዶሮ የጅራት ላባ፣ ቡናማ የበግ ጸጉር ያዙ። መጀመሪያ የመንጠቆውን ንክሻ፣ ማለትም ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረውን ሹል፣ በፒንሳ ጨፍልቁት። ከመንጠቆው ዓይን ኋላ አንድ ሚሊ ሜትር ባዶ ትታችሁ ክሩን እስከ መታጠፊያው ጠምጥሙ። አራት የላባ ዘርፎች እሰሩ፤ ጫፋቸው ከመንጠቆው ግንድ ግማሽ ያህል ወደ ኋላ ይውጣ፣ ያ ጅራቱ ነው። ሽቦውንም እዚያው እሰሩት። የቀረውን የላባ ዘርፍ ወደ ፊት ጠቅልሉና ሁለት ሦስተኛው ላይ አቁሙ። አሁን ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ አራት አምስት ዙር አራርቃችሁ አዙሩ። በተቃራኒ የሆነበት ምክንያት የዓሣው ጥርስ አንዱን ዘርፍ ሲበጥስ ሌላው እንዳይተረተር ነው። በበጉ ጸጉር ደረቱን አወፍሩ፣ ክሩን አራት ጊዜ ቋጥሩ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብታ ጨምሩ። ብዙ ጀማሪ የሚያበላሸው መጨረሻው ላይ ነው፤ ከፊት ቦታ ስለማይተው የመንጠቆው ዓይን ይደፈናል፣ ወንዝ ዳር በቀዘቀዘ ጣት ክር ማስገባት አይቻልም።

ይህ ዝንብ የሚሠራው ወለሉ አጠገብ ሲሄድ ነው። ከጥልቀቱ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍ አድርጋችሁ ክሩ ላይ ነጭ ሱፍ ቋጥሩ፤ ሱፉ ሲቆም ወይም ሲሰምጥ ዘንጉን አንሱ። በአምስት ስድስት ውርወራ ወለሉን አንዴም ካልነካ ትንሽ እርሳስ ጨምሩ፣ በየውርወራው ከተያዘ ቀንሱ።

ለዳንካ 2.4 ሜትር ዘንግ ባለ 4 ቁጥር የመወርወሪያ ክር (ቁጥሩ የክሩ ክብደት ነው)፣ ለዌብ 2.7 ሜትር ባለ 5 ቁጥር። ሁለቱንም መግዛት ለማይችል የኋለኛው ይበቃዋል። ክሩ የሚንሳፈፈው ዓይነት ይሁን፤ የመጨረሻው ቀጭን ናይለን ለጠራ ውኃ 0.15፣ ለደፈረሰ 0.18 ሚሊ ሜትር። መንጠቆውን ስታስሩ አምስት ዙር ጠምዝዙና ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ በደረቁ ከተጎተተ ናይለኑ በግጭት ሞቆ ይደክማል። ለድሬ ሰው በተለይ፦ ክሩንና ናይለኑን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፣ ሙቀቱ ክሩን ያጣብቀዋል፣ ናይለኑን ያደርቀዋል። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት በነካ እጅም ክሩን አትንኩ፤ አንዳንዱ ቅባት የክሩን ሽፋን ይበላዋል።

መንገዱ ከሐረር በቁልቢ፣ በሂርናና በጭሮ፣ ከድሬ ደግሞ በመኢሶም ይሆናል፤ ከዚያ አዋሽ፣ አዳማ፣ አሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቁ። እስከ አዳማ በባቡር መሄድም ይቻላል። በአንድ ቀን ለመድረስ አትሩጡ። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ በአንድ ቀን 3,100 ሜትር የወጣ ሰው በማግስቱ ራሱን አሞት ይቀመጣል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አሰላ ለማደር ትመቻለች። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ስለሆነ በዚያ ሰሞን ከሐረር በኩል መውጣት ቀኑን ይበላዋል፤ ወይ አስቀድሙ ወይ አሳልፉት።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አለ። የመግቢያ ክፍያ፣ የማጥመጃ ፈቃድና አስጎብኚ የሚጠየቀው እዚያ ነው፤ ፈቃድ ሳይያዝ ፓርኩ ውስጥ ዘንግ አይወጣም። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ዌብ ሸለቆ ከቀይ ቀበሮ ዋና መኖሪያዎች አንዱ ነው፣ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታም እዚያ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

የማትበሉትን ዓሣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ልቀቁት። እጃችሁን አርጥቡ፣ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፈዋል። መንጠቆው ንክሻ ስለሌለው በመጣበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ስትገፉት ይወጣል። ጉሮሮው ድረስ ከዋጠው ናይለኑን ቁረጡና ተዉት፣ አትቆፍሩት። ከዚያ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙራችሁ ከሆዱ ሥር ደግፋችሁ ያዙት፤ ስንጥቡ በእርጋታ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያላችሁ፣ ጅራቱን ራሱ እስኪመታ ድረስ አትልቀቁት።