ለሁለት ሌሊት የሚሆን ቦታ

የዓመት ፈቃድ በዓመቱ መጀመሪያ ሲያዩት ብዙ ይመስላል። ዓመቱ ሲጋመስ ግን አንዱ ቀን ለሐኪም ቀጠሮ፣ ሌላው ለቤት ጉዳይ፣ ሌላው ለሠርግ ወይም ለሐዘን ይሄድና የቀረው ተሰብስቦ አንድ ደህና ጉዞ የማይወጣው ሆኖ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 132፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚሰጠው ፈቃድ ከሦስት የሥራ ሳምንት እንዳያንስ ይደነግጋል። ሦስት ሳምንት! መስማቱ ራሱ ያሳርፋል። ስምምነቱን ያላጸደቁ አገሮች ግን ብዙ ናቸው፤ ያጸደቁትም ቢሆኑ ፈቃዱ በየሰበቡ ሲሸራረፍ አይደርሱለትም። ስለዚህ እኔ ተስፋዬን የጣልኩት በቅዳሜና እሁድ ላይ ነው። ለእነሱ ማመልከቻ አልጽፍም፣ አለቃም አላስፈርምም።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ስነሣ ካርታ ከማየቴ በፊት ሰዓት እቆጥራለሁ። ከዓርብ ምሽት 12 ሰዓት እስከ እሁድ ምሽት 12 ሰዓት 48 ሰዓት አለ። ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ 16 ሰዓት ሲነሣለት 32 ይቀራል። ቦታው የሁለት ሰዓት መንገድ ከሆነ ደርሶ መልሱ 4 ሰዓት ወስዶ 28 ይተርፋል። የስድስት ሰዓት መንገድ ከሆነ የሚተርፈው 20 ብቻ ነው፤ እሱም ወገብን ይዞ የሚያሳልፉት 20 ሰዓት። አውሮፕላን ይህን ስሌት ያቀለዋል የሚሉ አሉ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄጃው፣ የፍተሻው ሰልፍ፣ ሻንጣ መጠበቁና ወደ ከተማ መግቢያው ሲደመር ግን የአንድ ሰዓት በረራ በቀላሉ አራት ሰዓት ይሞላል። ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ከሦስት ሰዓት የሚያልፍ ቦታ ምንም ያህል ቢወደስልኝ ለቅዳሜና እሁድ አላጨውም።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከረኝ ሰው የለም። ክርክሩ የሚነሣው «ታዲያ የት?» ሲባል ነው። ሰው ስለ ጉዞ ሲያስብ ስለ አዲስ ቦታ ያስባል። እኔ ለአጭር ዕረፍት የምመርጠው የማውቀውን ቦታ ነው፤ ከዚህ በፊት ያደርኩበትን ማረፊያ፣ ከተገኘም ያንኑ ክፍል። በሩ የሚከፈተው እጀታውን ወደ ራስ ሳብ አድርገው ቁልፉን ሲያዞሩት እንደሆነ አውቃለሁ። የመብራቱ ማብሪያ የቁም ሣጥኑ ጎን የሸፈነው ቦታ ላይ ነው። ሙቅ ውኃ እስኪመጣ ቧንቧውን ከፍቶ ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል። በመንገዱ በኩል ያሉት ክፍሎች ንጋት ላይ በጭነት መኪና ይናጣሉ፤ በጓሮ በኩል ያሉት ግን ጸጥ ያሉ ናቸው። እንግዳ በሆንኩበት ማረፊያ ይህን ሁሉ የማውቀው እሁድ ጠዋት፣ ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል ነው።

ይህ ስንፍና ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሰው በማያውቀው ቦታ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግራ ክፍል የቀኙን ያህል ጠልቆ እንደማይተኛ አሳዩ። ባዕድ ድምፅ ሲሰማ ቶሎ ለመንቃት ዘብ የቆመ ይመስላል። ከቀናት በኋላ እነዚያው ሰዎች እዚያው ቦታ ሲተኙ ልዩነቱ ጠፋ። ለአሥር ቀን ለሄደ ሰው አንድ የተረበሸ ሌሊት ምኑም አይደለም። ሁለት ሌሊት ብቻ ላለው ግን የዕረፍቱ ግማሽ ነው።

ታላቅ እህቴ ጥናቱንም እኔንም አትቀበልም። አብዛኛውን ጊዜ አብረን ስለምንሄድ ሙግቱ ከጉዞው ይቀድማል። «ያየሽውን ደግመሽ ለማየት ነው ገንዘብ የምታወጪው?» ትለኛለች። እሷ ዝርዝር ትወዳለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ተራራ፣ ቀትር ላይ ሙዚየም፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቅ፣ ማታ ሙዚቃ። ዝርዝሯን አልንቅም፤ እሷ ባትጎተጉተኝ ከወንበሬ የማልነሣ ሰው ነኝ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም የእጅ ሰዓታችንን እንጂ ፊታችን ያለውን አናይም። ስለዚህ ተስማማን። ቦታው የታወቀ ይሆናል፤ ከዝርዝሩ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ እሷ ትመርጣለች።

ባለፈው የመረጠችው የወንዙን ዳር ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት ነበር። ሁልጊዜ ድልድዩ ላይ ቆመን አይተነው የምንመለስ ወንዝ ነው። ከድልድዩ ጥቂት እንደራቅን ጠፍጣፋው ዐለት ላይ ጉድጓዶች አገኘን፤ በሰው እጅ የተፈለፈሉ የሚመስሉ ክብ ጉድጓዶች፣ ውስጣቸው ጥቂት ጥቂት ጠጠር ያለባቸው። ውኃው በሞላ ቁጥር ጠጠሩ እዚያው ውስጥ እየተሽከረከረ ዐለቱን ይፍቃል፤ ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ ጠጠሩም ይሞረዳል። እህቴ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባችና አንዱን አወጣች። ልሙጥ ነበር፤ አንድ ጎኑ ላይ ብቻ ገና ያልተፋቀ ሻካራ ቦታ ቀርቶታል። በአውራ ጣቷ ስትዳስሰው ቆየችና መልሳ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ይህ አዲስ ቦታ ነው ወይስ የታወቀ በሚል እስከ ማረፊያችን ተከራከርን። እሷ አዲስ ነው አለች። ስንት ጊዜ ጥቂት እርምጃ ሲቀረን የተመለስንበት የታወቀ ቦታ ነው አልኩ እኔ።

ክፍል የምይዘው ከሳምንታት በፊት ነው፤ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀንም አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ዓርብ ዕለት ቢሮ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅማ። ቀድሞ መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 1,530 የኔዘርላንድስ ነዋሪዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ለዕረፍት የሚሄዱ ሰዎች ከማይሄዱት ይልቅ ደስተኞች ሆነው የተገኙት ከጉዞው በፊት እንደነበር ይናገራል። ከተመለሱ በኋላ፣ እጅግ ዘና ያለ ዕረፍት ካሳለፉት በቀር፣ በደስታ ከሌላው አይለዩም። ደስታው ያለው በመጠበቁ ከሆነ፣ አጫጭር ጉዞዎች ደጋግመው ያስጠብቃሉ። ሐሙስ ማታ ቦርሳዬን በር ሥር አስቀምጬ ዓርብ ጠዋት ሳልፈው ደስ የሚለኝ በከንቱ አይደለም ማለት ነው።

የግማሽ ቀን ፈቃድ ከተገኘች ብዙ ሰው ለዓርብ ከሰዓት በኋላ ያደርጋታል። እኔ ለሰኞ ጠዋት አስቀምጣታለሁ። እሁድ 9 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሻንጣውን ይዘጋል፤ መንገዱም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ለ60 ሴኮንድ እንዲያቆዩ አደረጉ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሴኮንድ ካቆዩአቸው በኋላ፣ ውኃውን ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ እያሞቁ 30 ሴኮንድ ጨመሩባቸው። የትኛውን ትደግሙታላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ሥቃዩ ቢረዝምም መጨረሻው ለስለስ ብሎላቸዋል። ታዲያ በመኪና ሰልፍ ውስጥ የሚያልቅ ቅዳሜና እሁድ በኋላ በምን መልኩ ይታወሰኛል? ሰኞ ማለዳ ስነሣ መንገዱ ክፍት ነው፤ ከቀትር በፊት ሥራ ቦታዬ እደርሳለሁ። አንድ ሌሊት ይጨምራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የእሁድ ሌሊት ክፍሎች ባዶ ስለሚሆኑ ዋጋ ቀንሱልኝ ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

የቢሮ ስልክ ቤት ይቀራል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ትናንት ማታ እህቴ የአንድ ፏፏቴ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ውብ ነው፤ አልክድም። መንገዱን አየሁት፤ ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። «ደርሶ መልሱ 11 ሰዓት ይወስዳል፤ ይህ ለዓመት ፈቃድ ይቀመጥ» ብዬ ጻፍኩላት።

መልሷ ወዲያው መጣ፦ «የቱ የዓመት ፈቃድ?»