የሌሉት አንድ ሺህ ደንበኞች

የሽያጭ ባልደረባችን ያዘጋጀው ሪፖርት ላይ የሰፈረው አጭር ነበር፦ «የግለሰብ ደንበኞቻችን በ20 በመቶ፣ የድርጅት ደንበኞቻችን በ40 በመቶ ጨምረዋል። በጥቅሉ በ30 በመቶ አድገናል።» ኃላፊው ደስ ብሎት ሊፈርም ሲል፣ ጡረታ የተቃረቡት የሒሳብ ሠራተኛችን ወረቀቱን ሳብ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይቺን 30 ከየት አመጣሃት?»

«20 እና 40ን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ።»

«አምና ሁለቱ እኩል ነበሩ እንዴ?»

አልነበሩም። ግለሰቦቹ ለድርጅቶቹ 3 ለ2 ነበሩ። የሽያጭ ባልደረባችን ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም፤ «ታዲያ ትክክለኛው ብዛት እስኪመጣልን ማን ሊያሰላው ይችላል? እርስዎስ ቢሆኑ?» አለ።

እሳቸው እስክሪብቶ አነሱ። ብዛቱ አያሻም፣ ሬሾው ይበቃል። ግለሰቦቹ 3 እጅ፣ ድርጅቶቹ 2 እጅ፣ ድምሩ 5 እጅ። 3ቱ በ20 በመቶ ሲያድግ 3.6፣ 2ቱ በ40 በመቶ ሲያድግ 2.8 ይሆናል። በድምሩ 6.4። ጭማሪው 1.4 ነው፤ ለመነሻው ለ5 ሲካፈል 28 በመቶ። አዲሱ ሬሾ ደግሞ 3.6 ለ2.8፣ ሲቃለል 9 ለ7።

«ለዚህች ለ2 ነው ይሄ ሁሉ?» አለ አንዱ ከጥግ። የአምናው ደንበኛ 50,000 ቢሆን በ30 በመቶ 65,000፣ በ28 በመቶ 64,000 ይሆናል። ለሌሉ አንድ ሺህ ደንበኞች በጀት ሊያዝ ነበር ማለት ነው።

እኔን ያሳመነኝ ግን ቀጥሎ ያሉት ነው። ሬሾው 9 ለ1 ቢሆን ኖሮ ጥቅል ዕድገቱ 22 በመቶ ብቻ ይወጣ ነበር፤ የባልደረባችን 30 ግን ያኔም ንቅንቅ አይልም። ሬሾው ሲቀየር መልሱ የማይቀየር ስሌት፣ ሬሾውን ከነጭራሹ አላየውም።

ኃላፊው በነገሩ ተሳበና ወደ ኋላ ጠየቃቸው፦ «ሬሾው ጠፍቶን ጥቅሉ 25 በመቶ መሆኑን ብቻ ብናውቅስ?»

«ርቀቱን ይለኩ። 25 ከ20 በ5 ይርቃል፣ ከ40 በ15። ገልብጠው ያስቀምጡት፤ 15 ለ5፣ ማለትም 3 ለ1። ጥቅሉ የሚጠጋው ወደ ብዙው ወገን ነው።»

ባልደረባችን ይሄ የመገልበጡ ነገር አልተዋጠለትምና ራሱ አሰላው። 3ቱ እጅ 3.6፣ 1ዱ እጅ 1.4 ይሆናል፤ ድምሩ አምስት። ከ4 ወደ 5፣ ልክ 25 በመቶ። ከዚያ ሪፖርቱን ወደ ራሱ ጎተተና 30ዋን ሰረዛት።