ያ ደረቅ ዛፍ ምን ይሠራል?

አትክልተኛን ከሚያናድዱ ትእዛዞች አንዱ «አስቀያሚውን ቁረጠው» የሚለው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እዚያ አስቀያሚ የሆነው ዛፍ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ያለው ነው።

የምሠራበት ግቢ የአንድ ቤተሰብ ነው። የተከሉት አባትየው ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። እናትየው ይኖሩበታል። ልጆቹ ለዕረፍት ይመጣሉ፤ ሲመጡ ሐሳብ ይዘው ነው የሚመጡት። ከባሕሩ በኩል መጀመሪያ ሸውሸዌ በተርታ አለ። ከኋላው የባሕር ወይንና ኦሊያንደር የሚባሉ ቁጥቋጦዎች። ከዚያ ወደ ቤቱ ጠጋ ሲሉ ሂቢስከሱ፣ ቦገንቪላውና ሎሚው። ሁሉም አሸዋ ላይ። ሰውየው ያውቁበት ነበር። ሸውሸዌ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተረዳድቶ ናይትሮጂን ከአየር ያገኛል። ባዶ አሸዋ ላይ ቢተክሉት ማዳበሪያ አምጡ አይልም።

ግን አያምርም። እውነት ለመናገር የፊተኛው ተርታ ያስጠላል። በባሕሩ በኩል ያለው እንቡጥ በጨውና በነፋስ ይቃጠላል፤ የሚያድገው በወዲህኛው በኩል ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ዛፉ ወደ ቤቱ የተጋደመ ይመስላል። ግማሽ ጎኑም ቡናማ ነው።

ትልቁ ልጅ በረንዳው ላይ ሆኖ ጠራኝ።

«ያ ደረቅ ዛፍ ምን ይሠራል?»

«ነፋስ ይሰብራል።»

«ሞቷል እኮ!»

«አልሞተም። ጨዉን ለሌሎቹ እየተቀበለላቸው ነው።»

«እኛ እዚህ የምንመጣው ባሕር ለማየት እንጂ የሸውሸዌ ጀርባ ለማየት አይደለም።»

አጠገቡ አንድ ባለሙያ ቆሟል። የቤት ዲዛይን ነው ሥራው። የግቢውን ፎቶ አንስቶ መሀሉ ላይ አራት ማዕዘን ስሎበታል፤ «ፍሬም» ይለዋል። እኔም አስረዳሁ። የዛፍ ተርታ ከቁመቱ ዐሥር እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ነፋስ ያበርዳል፤ አምስት ሜትር ከሆነ እስከ ሃምሳ ሜትር ማለት ነው። መሀሉን ከከፈቱት ግን ነፋሱ በክፍተቱ ተጨናንቆ ሲያልፍ ከበፊቱ ይልቅ ይፈጥናል። ባለሙያው ስልኩን አየ። ልጁ የባለሙያውን ስልክ አየ።

ማታ ረጅም መልእክት ጻፍኩለት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ኦስጉድ ማኬንዚ የሚባል ሰው ስኮትላንድ ውስጥ ኢንቨርዩ የተባለውን ቦታ ያዘ። ነፋስ የሚገርፈው፣ ወደ ባሕር የገባ ራቁት ምድር ነበር። ሰውየው አበባ አላስቀደመም። በነፋሱ በኩል ጥድና መሰል ዛፎች ተከለ፣ እስኪያድጉም ዓመታት ጠበቀ። ስስ የሆኑት ቁጥቋጦዎች እዚያ መኖር የቻሉት ከዚያ በኋላ ነው። ሴት ልጁ ቀጠለችበት፤ በ1952 ቅርስ ለሚጠብቀው ድርጅት፣ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ትረስት አስረከበችው። እንግሊዝ አገር ያለችውን የትሬስኮን ደሴት ጨመርኩበት። እዚያም የአንድ ቤተሰብ የዛፍ ግቢ አለ፤ በ1990 ከባድ አውሎ ነፋስ አብዛኛውን የነፋስ መከላከያ ዛፍ ገነደሰበት። ቤተሰቡ «እፎይ፣ ባሕሩ ታየ» አላለም። እንደገና ተከለ።

መልሱ መጣ። «ጥሩ ታሪክ ነው። ነገ ስንት ሰዓት ትጀምራለህ?»

ትእዛዙን በጽሑፍ ላኩልኝ አልኩ። «እይታውን ክፈትልን» ብሎ ላከ። መጋዜን ይዤ ወጣሁ። በፎቶው ላይ በተሳለው ልክ፣ አንዲት ስንዝር ሳላተርፍ ሳላጎድል ቆረጥኩ። ባሕሩም ታየ። ያምራል፤ አልዋሽም።

ነፋሱ ወራቱን ጠብቆ መጣ። ዝናብ የሌለው፣ ጨው ብቻ የተሸከመ ነፋስ። ሲያባራ ግቢው ውስጥ አንድ መንገድ ተሠርቷል። ቡናማ መንገድ። ከክፍተቱ ተነሥቶ ሂቢስከሱን አቋርጦ፣ የሎሚውን አንድ ጎን ይዞ ቀጥ ብሎ በረንዳው ድረስ። ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። በማስመሪያ ባሰምረው እንደዚያ አላስተካክለውም።

ልጁ መጣ፤ ባለሙያውም አብሮት።

«ምን ረጨህበት?» አለኝ። ደህና ዋልክ የለ፣ ምን የለ።

«ምንም።»

«አረም ማጥፊያ ነው አይደል?»

እኔ እንግዲህ ሰው ሥራዬን ሲነካብኝ ፊቴ ቶሎ ይለዋወጣል። ድምፄን ግን ዝቅ አደረግሁ። ከሂቢስከሱ አንድ ቅጠል ቀጠፍኩ። ቃጠሎው ከጫፉና ከዳር ዳሩ ጀምሮ ነው ወደ ውስጥ የገባው። ቁጥቋጦውንም ላየው ሰው የተጎዳው በባሕሩ በኩል ያለው ፊቱ ነው፤ ጀርባው ደህና ነው። ረጭቼ ቢሆን በነፋሱ በኩል ያለውን ብቻ እየመረጥኩ ነው የምረጨው?

«ይቅመሱት» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቅጠሉን። በምላስዎ።»

(ከኦሊያንደሩ እንዳልቀጠፍኩለት ልብ ይባልልኝ። እሱ መርዝ ነው። ተናድጄ ነበር እንጂ እዚያ ድረስ አልደረስኩም።)

ቅጠሉን ይዞ ባለሙያውን አየው። ባለሙያው ወደ ባሕሩ ዞረ፤ እይታው እንደሆነ ክፍት ነው። ይህን ጊዜ እናትየው ከቤት ወጡ። ቅጠሉን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ምላሳቸውን አስነኩት።

«ጨው ነው» አሉ። «እንካ፣ አንተም ቅመስ።»

መራራ መድኃኒት እንደሚግቱት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቀመሰ። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ በልቤ ግን ጭብጨባ ነበር። ብዙ አልቆየም።

«ታዲያ ለምን አላጠብከውም?»

ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ስሕተት ስለሆነች አይደለም። ጨው ከነፋስ በኋላ ቶሎ በንጹሕ ውኃ ከታጠበ ጉዳቱ ይቀንሳል። እሱ ይህን አውቆ አይደለም የተናገረው፤ እንዲሁ አፉ ላይ መጣለት። ከእውቀት የሚበልጠው ዕድል ነው መሰለኝ። ያቺን በጽሑፍ የላካትን ትእዛዝ ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት።

«ክፈትልን አልኩ እንጂ በር አድርገው አልኩ?» አለኝ።

ትእዛዝን በጽሑፍ ተቀበሉ የሚል ምክር ለባልደረቦቼ ስሰጥ ኖሬያለሁ። አሁንም እሰጣለሁ።

ባለሙያው መፍትሔ አላጣም። ግንብ እናቁም አለ። ድፍን ግንብ ነፋስን አያስቆመውም። ነፋሱ ዘሎት ከኋላው እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ አበባ የሚተከለው ደግሞ እዚያው ነው። ግማሽ ያህሉን የሚያሳልፍ የቅጠል ተርታ ይሻላል። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት እናትየው ቀደሙኝ።

«እኔ እዚህ የምኖረው ግንብ ለማየት አይደለም» አሉ። የግንቡ ነገር በዚያው ቀረ፤ ባለሙያውም ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ክፍተቱን መልሰን ተከልን። እኔ ትንንሽ ችግኝ ነው የምፈልገው። ትንሹ ሥሩን ቶሎ ይሰዳል፤ ትልቁ ሲነቀል ብዙ ሥር ስለሚቀርበት ተጠምቶ ይከርማል። ልጁ ትልልቅ ዛፍ በመኪና አስመጣ። ተደራደርን። አንድ ትልቅ መሀል ላይ፣ ዙሪያውን የኔ ትንንሾች። ካስማውንም ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፤ ግንዱ ከነፋሱ ጋር ትንሽ ካልተወዛወዘ አይደነድንም። ትልቁ እስካሁን አኩርፏል። ስለ ትንንሾቹ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አላነሣም። በየቀኑ ግን በፊታቸው አልፋለሁ።

በቀደም ልጁ እንግዶች ይዞ መጣ። እኔ ሂቢስከሱን በጎማ እያጠብኩ ነበር።

«ያ የተጋደመው ዛፍ ደርቋል እንዴ?» አለች አንዷ።

«የለም፣ ሥራ ላይ ነው» አላት። «ነፋስ እኮ ግንብ አይበግረውም። ግማሹን አሳልፈህ ግማሹን ነው የምትይዘው። አባቴ እንዲህ አድርጎ ነው የተከለው፤ እኔም አላስነካም አልኩ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነዎት» አልኩ። ጎማውን ወደ ሎሚው አዞርኩ።